ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ አሮጌ መኪኖች የኤሌክትሪክ እሳት

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው በሰፈራችን መኪና የአንድ ሰው ንብረት ብቻ አይደለም። ምጥ የያዛት ስትኖር፣ እህል ለገበያ ሲወጣ፣ ሰው ታሞ ወደ ላሊበላ ሲወሰድ የሁላችንም ነው። ከእነዚህ መኪኖች መካከል ከብዙዎቻችን ዕድሜ የሚበልጡ አሉ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያለውን አሮጌ ጠብቆ መያዝ የግድ ሆኗል።

ባለፈው ክረምት ምጥ የያዛትን እኅታችንን በአሮጌ ላንድክሩዘር ይዘን ወደ ላሊበላ ሆስፒታል ስንሄድ ከክሩስኮቶው ሥር የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። «የፍሬን ሸራ ነው» ብለን አለፍነው። ብዙም ሳንርቅ ጭሱ መኪናውን ሞላው። እኛ ወላዷን በጋቢ ጠቅልለን ስናወርድ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ የባትሪውን ኬብል ነቀለ፤ እሳቱም ሳይነሣ ቀረ። እናትና ልጅ ዛሬ ደኅና ናቸው። ነገር ግን ሌላ መኪና እስኪገኝ ድረስ በጨለማ መንገድ ዳር ቆይተናል።

ጥፋቱ ሲፈለግ ፊውዙ ላይ የተጠቀለለ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተገኘ። የጠቀለልነውም እኛው ነን፤ ፊውዙ እየተቃጠለ ስላስቸገረን።

ለመሆኑ ፊውዝ ምንድን ነው? ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲበዛ እርሱ ቀልጦ ሌላውን ያድናል። ለምሳሌ በ12 ቮልት አንድ የ60 ዋት መብራት 5 አምፔር ይስባል፤ ሁለቱ 10 ይሆናሉ። በባለ 100 ዋት ብንለውጣቸው ወደ 17 አምፔር ገደማ ይደርሳል። ሽቦው ግን ያው የጥንቱ ነው፤ ይግላል፣ ልባሱም ይቀልጣል። ኮንታክት ከተፈጠረማ ባትሪው በመቶ የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። የቤንዚን እንፋሎት ደግሞ በደጋችን ብርድ እንኳ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ስለሆነም የሚከተለውን እናስብ፦

አንደኛ፣ ፊውዝ ሲቃጠል በልኩ ይተካ፤ ደግሞ ከተቃጠለ ምክንያቱ ይፈለግ። ወረቀትም ሽቦም አይጠቅለልበት።

ሁለተኛ፣ የኮረኮንች መንገድ ሽቦን ያፍቃል። ሽቦ ቆርቆሮ በስቶ በሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበቱ ይታይ። የተላጠ ሽቦ ይለወጥ፤ ናስትሮ ለጊዜው ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ብዙ ጊዜ የቆመ መኪና ከመነሣቱ በፊት ኮፋኖው ተከፍቶ አይጥ የበላው ሽቦና የደረቀ የቤንዚን ቱቦ ይፈተሽ። መኪናው ሲቆምም የባትሪው ኬብል ይነቀል፤ መጀመሪያ የማሳው፣ ሲታሰር ግን የማሳው መጨረሻ።

አራተኛ፣ በየከተማው ቮልስ ያላቸው ዘመዶቻችን ይስሙ፦ የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። መክደኛው ከጠፋ፣ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት ያስነሣል። የሞተሩ አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነም አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያብሰዋል።

አምስተኛ፣ ጭስ ሲታይ ሞተር ይጥፋ፣ ሰው ይውረድ። እሳቱ ከተነሣ ኮፋኖው ወለል ተደርጎ አይከፈት፤ ንፋስ ያገኛል። ቤንዚን ላይ ውሃ አይደፋ፤ ይዞት ይሄዳል። በዱቄት ማጥፊያ ወይም በደረቅ አፈር ይታፈን። እሳቱ ከበረታ መኪናውን ትተን እንራቅ፤ ብረት ይተካል።

ማኅበራችን ከመዋጮው ላይ አንድ የዱቄት ማጥፊያ ቢገዛና በሽተኛ ለሚያመላልሰው መኪና ቢሰጥ ብለን እናሳስባለን። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነው። ቅጠሉ ዛሬ በእጃችን አለ።