ቢላም እንደ ምጣድ ይሟሻል

(በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ሲነሣ ሰው ሁሉ የሻይ ሰዓቱን እንደሚያይ እናውቃለን። ዛሬ ቁጥር አናበዛም። የምንናገረው ስለ አንድ መስመር ነው። በእጃችሁ ባለው የግማሽ ዓመት ሪፖርት ላይ «የተበላሸ ዕቃ፦ 26 ቢላ፣ 9,880 ብር» የሚል አለ። መስመሩን የጻፍነው እኛ ነን፤ ተሳስተናል። እንዴት እንደተሳሳትን ለመናገር ግን ከሥራው መጀመር አለብን፤ ከደጋፊዎቻችን መካከል ቢላዎቻችንን በፎቶ ብቻ የምታውቁ አላችሁና።

ስለቱን እኛ አንሠራውም። ከከተማው ዳር ካለ የቀጥቃጭ ቤተሰብ እንገዛለን። ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ተቆርጦ በእሳት ተቀጥቅጦ የሚመጣ ነው። የባሌስትራ ብረት ሲሳል ጥሩ ስለት ያወጣል፣ ሲደንዝም በድንጋይ ቶሎ ይመለሳል። ዝገትን የሚከላከል ያህል ክሮሚየም ግን የለበትም። ይህን ልብ በሉልን፣ ኋላ እንመለስበታለን።

የእኛ ሥራ እጀታው ነው። በድሮው አሠራር የስለቱ ጭራ በእሳት ግሎ እንጨት ውስጥ ይወጋል። ጥቂት ወር እንደሠራ ይላላል፣ እጅ ውስጥ ይዞራል፤ በጨርቅ ያላሰረችው ከመካከላችን ማን አለች? አሁን ቀጥቃጩ ብረቱን እስከ እጀታው መጨረሻ ድረስ ሰፊ አድርጎ፣ ሦስት ቦታ በስቶ ይሰጠናል። እኛ በግራና በቀኝ ሁለት ለሚዳ እንጨት ወይም ቀንድ በማጣበቂያ እንለጥፍና ወፍራም የመዳብ ሽቦ በቀዳዳዎቹ አሳልፈን ሁለቱን ጫፍ በመዶሻ እንጠፈጥፋለን። ከዚያ በኋላ አይዞርም።

እንጨቱ ወይራ ነው። ከማገዶ ሻጮች ቀጥ ያለውን ፍልጥ እንመርጣለን፤ ጥላ ውስጥ አንድ ዓመት ይከርማል። በመጀመሪያው ዓመት ቸኩለን እርጥቡን ለጥፈን ነበር። እንጨቱ ሲደርቅ ጠበበ፣ ብረቱ በጎን ወጥቶ መዳፍ መቁረጥ ጀመረ። ቀንዱ ከሥጋ ቤት ይመጣል። ውስጡ ያለው አጥንት ለቅቆ እስኪወጣ ውኃ ውስጥ ይቆያል፣ ከዚያ ተሰንጥቆ በፈላ ውኃ ለስልሶ በሞርሳ መካከል ይደለደላል። ቀንድ ከጥፍርና ከፀጉር ጋር አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ ሲሞረድ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ጎረቤት ያማረረብን በዚሁ ነው። አቧራውም ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ አፍና አፍንጫ ሸፍነን ውጭ እንሞርዳለን።

ለአንድ ሰው ተለክቶ የሚሠራ እጀታ ሲታዘዝ ደንበኛዋን ጠንከር ያለ ሊጥ እናስጨብጣታለን። ጣቷ የት እንደሚያርፍ፣ መዳፏ የት እንደሚሞላ ሊጡ ላይ ይታያል፤ በዚያው ልክ እንሞርዳለን። አንዲት አባላችን በቁርጥማት ምክንያት ሽንኩርት መክተፍ ትታ ነበር፤ ቀጭን እጀታ አጥብቃ መጨበጥ ስለማትችል። ወፍራም፣ ከኋላው ጎበጥ ያለ እጀታ ሠራንላት። ዛሬ ምሳችሁን የከተፈችው እርሷ ናት።

በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ከሸካራው ወደ ልስላሴው እንፈትግና የተልባ ዘይት በስሱ ደጋግመን እንቀባለን። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ደርቆ ይጠነክራል፤ ተራ የምግብ ዘይት ግን ተጣብቆ ይቀርና ይሸታል። አንድ ማሳሰቢያ፣ በተለይ ለአዲሶቹ፦ ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ እንዳትጥሉ። በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

እንግዲህ ወደ መስመራችን። ባለፈው ክረምት መግቢያ አንድ ምግብ ቤት 40 ቢላ ወሰደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ 26ቱን መለሰ። «ዝገዋል፣ ጠቁረዋል፣ ደንበኛ ፊት አይወጡም» አሉን። እኛም አየናቸው፤ ግራጫና ሰማያዊ ሆነዋል፣ አንዳንዱ እንደ ጥላሸት። አልተከራከርንም። አንዱን በ380 ብር፣ ይኸውም በወጪው ዋጋ፣ አባዝተን «የተበላሸ» ብለን መዘገብን። ከዚያ ደግሞ ምናልባት ይሸጡ ይሆናል ብለን ሁሉንም በሽቦ ፈትገን አብርተን፣ ካርቶን ውስጥ አድርገን መጋዘን አስቀመጥናቸው። ሐምሌ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባቱ ቀይ ዝገት በላቸው።

ተናደድን። ገንዘባችንን ልንጠይቅ ቀጥቃጩ ቤት ሄድን። እርሱ አልነበረም፤ ያገኘናት ባለቤቱን ነው። ምጣድና ጀበና የምትሠራ ሴት ናት፤ በብዙ የአገራችን ክፍል ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ የአንድ ቤት ሰዎች እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ቅሬታችንን ሰምታ ከጓዳ የራሷን ቢላ አመጣች። ከጫፍ እስከ እጀታ ጥቁር ነው። ዝገት የሚባል የለበትም። «ምጣድ ስትገዙ በጎመን ዘር ታሟሹታላችሁ፤ ቢላውን ለምን ትፈትጉታላችሁ?» አለችን።

እዚህ ላይ የምናፍርበትን ነገር እንናገር። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። እኛ ግን ከዚህ ቤት ስለት መግዛት በጀመርንበት ጊዜ ቡና ሲቀርብልን ምክንያት ፈጥረን የተነሣን ነን። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ቀን ቁጭ ብለን ጠጥተን ቢሆን ኖሮ የቤቱ ቢላ ሁሉ ጥቁር መሆኑን ያኔ እናይ ነበር፤ የ26ቱም ጣጣ ባልመጣ። ባለፈው ክረምት ጠጣን። ሦስተኛዋንም ጠጣን።

ከእርሷ የሰማነውንና ራሳችን ሞክረን ያየነውን እንዲህ እንገልጸዋለን። ቀይ ዝገት ልልና ብናኝ ነው፤ እርጥበት ይይዛል፣ ከሥሩ ያለውንም ብረት መብላት አያቆምም። ጥቁሩ ግን ቀጭን ነው፣ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፣ ከውኃና ከአየር በመጠኑ ይጋርደዋል። እኛ ወዝ እንለዋለን። ሦስት አዲስ ቢላ ወስደን ሞከርን። አንዱን ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ከተፍንበት፤ ክትፊያው ሳያልቅ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም አወጣ። የመጀመሪያው ሽንኩርት ግን ጠቆር ብሎ ብረት ብረት አለ፤ እሱን አለመደበቅ ነው። ሁለተኛውን በጠቆረ ሻይ ዘፈዘፍነው፤ እኩል ጠቆረ፣ ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ስለሚሆን። ሦስተኛውን ሎሚ ቀብተን አሳደርነው፤ ይህ ስሕተት ነበር። ሎሚው ብረቱን ቧጠጠው። ከሦስቱ የሻዩን መረጥን። ወዝ ያለውም ቢላ ቢሆን እርጥብ ሆኖ ካደረ መዝገቡ አይቀርም፤ ወዲያው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በስሱ ዘይት መቀባት አለበት።

አሁን መዝገቡን እናስተካክል። ከ26ቱ 19ኙን በሻይ አሟሽተናል፤ ደኅና ናቸው። ዝገት ከበላቸው ሰባቱ ሦስቱን ቀጥቃጩ በ60 ብር ሒሳብ እንደገና ስሎልናል። አራቱ በእውነት ተበላሽተዋል፤ ያበላሻቸውም ምግብ ቤቱ ሳይሆን የእኛ ሽቦና ካርቶን ነው። ስለዚህ ኪሳራው 1,520 ብር፣ ለሞረዳው ከተከፈለው 180 ብር ጋር 1,700 ብር ነው። የቀረው 8,360 ብር ወደ ንብረት ተመልሷል። ደጋፊዎቻችን፣ የተሳሳተ ቁጥር ስላነበባችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከ380 ብሩ ውስጥ ስለቱ 180፣ እንጨትና ቀንዱ 45፣ ማጣበቂያው፣ መዳቡና ዘይቱ 35፣ የእጅ ሥራው 120 ነው። ይህን የምናነሣው በመጀመሪያው ዓመት በእጅ ሥራው ቦታ ላይ ዜሮ ጽፈን ስለነበር ነው። «ራሳችን ነን የምንሠራው» ተብሎ። ቢላውን በ300 ብር ስንሸጥ ያተረፍን መስሎን ነበር። የማንንም ጉልበት ዜሮ ብለን ደግመን አንመዘግብም፤ አባላትም ብትጠይቁን እንቢ እንላለን።

ምግብ ቤቱ አልተመለሰም። ሄደን አስረድተናቸው ነበር፤ የሚያበራ እንፈልጋለን አሉ፣ መብታቸው ነው። ከአሁን በኋላ ቢላው አሟሽተነው እንጂ ነጭ ሆኖ አይወጣም፤ ሲሸጥም አንዲት ብጣሽ ወረቀት አብራ ትሄዳለች፦ ይጠቁራል፤ አትፈትጉት፤ እርጥብ አታሳድሩት።

በሽቦ የፈተግነው፣ በሻይ ያሟሸነውና የቀጥቃጩ ባለቤት ያዋሰችን አሮጌው ቢላ፣ ሦስቱም ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ አሉ። እየተቀባበላችሁ እዩአቸው። ስትቀባበሉ እጀታውን ወደ ተቀባይዋ አዙሩ፤ አሮጌው ከሁሉም ይበልጥ ይቆርጣል።