የፎቶግራፍን ጠርዝ በእጅ ስለ ማስጌጥ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ርእስ ከድልድይና ከግድብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ይኸውም የፎቶግራፍን ጠርዝ በእጅ ጥርሳም ስለ ማድረግ ነው። ሆኖም በዚህች ትንሽ ሥራ የፈጸምሁት ስሕተት በሙያዬ ሁሉ ስለ ጠቀመኝ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ።

በየቤቱ በሚገኙ አሮጌ አልበሞች ውስጥ ዳር ዳራቸው በጥርስ የተከረከመ የሚመስሉ ትንንሽ ፎቶግራፎች እናያለን። ይህ ልማድ በአውሮፓና በአሜሪካ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ የተስፋፋ ቢሆንም መሠረቱ ከፎቶግራፍ መፈልሰፍ በፊት ነው። ወረቀት በእጅ ሲሠራ በወንፊቱ ላይ የሚቀመጠው የእንጨት ክፈፍ ዴክል ይባላል። ከክፈፉ ሥር ሾልኮ የወጣው እርጥብ ቃጫ ሲደርቅ ጠርዙ ሳስቶና ተዛንፎ ይቀራል። ይህ በመጀመሪያ ከአሠራሩ የመጣ እንከን ነበር፤ ወረቀት በመኪና መሠራት ከጀመረ በኋላ ግን የእጅ ሥራ ምልክት ሆኖ ተወደደ። ፎቶግራፍ አንሺዎችም ይህንኑ መልክ በጥርሳም ምላጭ አስመሰሉት።

ለእጅ ሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ማስመሪያ ተወስዶ አንዱ ጠርዙ በሞረድ ይሸረፋል። ጥርሶቹ እኩል ከሆኑ መጋዝ ስለሚመስሉ አንዱ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ቢል ይሻላል።

ወረቀቱን መምረጥም ያሻል። ፕላስቲክ የተለበጠው ወረቀት ሲቀደድ ልባጡ ይሳባል፤ ይላቀቃልም። ከቃጫ ብቻ የተሠራው ግን ውኃ ስለሚጠጣ ለሥራው ይመቻል። በ18 በ24 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ 13 በ18 የሆነ ምስል ቢታተም በዙሪያው በቂ ነጭ ኅዳግ ይተርፋል።

ከዚህ በኋላ በሚቀደደው መስመር ላይ፣ በጀርባው በኩል፣ በንጹሕ ውኃ የራሰ ቀጭን ብሩሽ ይሳባል። ቃጫው ሲለዝብ ማስመሪያው በአንድ እጅ ጠብቆ ይያዛል፤ ትርፉ ኅዳግ በሌላው እጅ ቀስ በቀስ ይሳባል። ቅዳዱ ቃጫዎቹ በተኙበት አቅጣጫ ሲሄድ ይቃናል፤ አቋርጧቸው ሲሄድ ይወላገዳል። ከሁለቱ ክፋዮችም አንዱ የወረቀቱን ነጭ ውስጥ በፊቱ ሲያሳይ ሌላው ይሸሽገዋል። ስለዚህ አስቀድሞ በቁራጭ ወረቀት መሞከር ግድ ነው። በመጨረሻ ፎቶግራፉ በንጹሕ ወረቀቶች መካከል ሆኖ፣ ክብደት ተጭኖበት ይደርቃል። ዛሬ በቀለም ማተሚያ የሚታተሙት ፎቶግራፎች ግን ብዙዎቹ ውኃ ሲነካቸው ቀለማቸው ስለሚፈስ በደረቁ ቢቀደዱ ይመረጣል።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። ተማሪ ሳለሁ በቤታችን የአባቴ የወጣትነት ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበረ። ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለ ነበር ያሳመርሁት መስሎኝ አራቱንም ዳር ቀደድሁ። አባቴ ተቀበሉኝና ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ገልብጠው ተመለከቱ። በግርጌው በሟች ታላቅ ወንድማቸው እጅ የተጻፈ ስምና ቀን ነበረ፤ ግማሹ ከኅዳጉ ጋር ተጥሏል።

«መልኬስ ይቅር፤ የወንድሜን እጅ ጽሑፍ ግን ከየት አመጣዋለሁ?» አሉኝ።

የፎቶግራፉን ፊት በሚሊ ሜትር ለክቼ ነበር፤ ጀርባውን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልገለበጥሁም። ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም ነገር ከመቁረጤ በፊት የማይታየውን ወገን እመረምራለሁ።

ስለዚህ ባልደረቦቼን የምለምነው ይህን ነው፦ አሮጌ ፎቶግራፍ በእጃችሁ ሲገባ ፊቱንም ጀርባውንም ቀድታችሁ አስቀምጡ። ጥርስ ማውጣት ካማራችሁ ለቅጂው አውጡለት፤ ዋናውን ግን እንዳለ ተዉት።