ታብሌት በአፋር በረሃ ጉዞ፤ ጥቅሙና ወሰኑ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር




የመሐንዲስ ሥራ የሚጀምረው መንገድ ከመፈለግ ነው። ድልድይ ከመሠራቱ፣ የውሃ ጉድጓድ ከመቆፈሩ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ከመተከሉ በፊት አንድ ሰው ከቦታው ድረስ ሄዶ መሬቱን በዓይኑ ማየት ይኖርበታል። ለዚህ ጉዞ ቀድሞ የታጠፈ ካርታና ኮምፓስ ይዞ ይወጣ የነበረው የቅየሳ ቡድን ዛሬ በባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ታብሌት አስሮ ይወጣል። የዚህ ንግግር ዓላማ አዲሱን መሣሪያ ማወደስም ሆነ ማንቋሸሽ አይደለም፤ ዕውቀቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅና ከየት ላይ እንደሚያበቃ ለይቶ ማሳየት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠውም ስሕተት በቀላሉ የማይታረምበት ስፍራ፣ የአፋር ዝቅተኛ ምድር ነው።

እንደሚታወቀው ከመቀሌ ተነሥቶ በበርሃሌ በኩል ወደ ዳሎል የሚወርድ መንገደኛ ከ2,200 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ወደሚገኝ የጨው ሜዳ ይደርሳል። በዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት፣ ቀኑና ሌሊቱ፣ ክረምቱና በጋው ተደምሮ፣ ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ኔስቢት የተባለው የማዕድን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1928 ከሁለት ኢጣሊያውያን ጋር ሆኖ ይህን አገር ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲያቋርጥ ጓዙን ያስጫነው በግመል ነበር። ዛሬ ያው ምድር በመኪና ይደረስበታል፤ ነገር ግን መኪናው ከቆመና ውሃው ካለቀ የሰው አቅም ያን ጊዜ ከነበረው አልጨመረም።

በዚህ ምድር ላይ የታብሌቱ ጥቅም ከፍ ያለ ነው። መሣሪያው ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከሚዞሩት የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ የቆመበትን ቦታ ያሰላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 የአሜሪካ መንግሥት በሕዝባዊ አገልግሎት ላይ ሆን ተብሎ ይጨመር የነበረውን ስሕተት ካስቀረ ወዲህ፣ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ሜዳ ላይ ተራ መሣሪያ እንኳ ቦታውን በ5 ሜትር ገደማ ልዩነት ያመለክታል። ለዚህም የስልክ መስመርም ሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ካርታው አስቀድሞ በከተማ ተጭኖ መገኘቱ ነው። ስለዚህ ምልክት በሌለበት ነጭ ሜዳ ላይ፣ አቧራ አድማሱን በጋረደበት ሰዓት፣ ወይም ከመሸ በኋላ፣ ወደ ሰፈር የሚመለስበትን አቅጣጫ ለማግኘት ከታብሌት የተሻለ ረዳት ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ገና ከከተማ ሳይወጣ የሚታለፉ ሦስት ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው የዕቃው ምርጫ ነው። ታብሌት ሁሉ የሳተላይት መቀበያ የለውም። ለምሳሌ ከአይፓድ ዓይነቶች በዋይፋይ ብቻ የሚሠሩት መቀበያው የላቸውም፤ በከተማ ቦታቸውን የሚያውቁት በአካባቢያቸው ካለው የዋይፋይ መረብ በመሆኑ በረሃ ሲደርሱ ይታወራሉ።

ሁለተኛው የመለኪያው መሠረት ነው። በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት የታተሙት ባለ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው ዴተም ላይ ሲሆን፣ ሳተላይቶቹ የሚናገሩት ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 በተባለው ነው። የወረቀቱን ካርታ በስካነር አንሥቶ፣ ይህን ልዩነት ሳያስተካክል በታብሌቱ ላይ የሚጭን ሰው መኪናው ካለበት ቦታ ከ100 ሜትር በላይ ርቆ ሲታይ ያገኘዋል፤ በሜትር በተሰመረው ፍርግርግ ሲነበብማ ልዩነቱ ወደ 200 ሜትር ይደርሳል። በደጋው ሜዳ ይህ ጥቂት ነው፤ በገደል አፋፍና በጨው ሐይቅ ዳር ግን ብዙ ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። የአይፓድ አምራች መሣሪያው እንዲሠራበት የወሰነው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ይህም ማለት ለመሣሪያው የመጨረሻ የሆነው ወሰን ለዳሎል የዓመቱ አማካይ ነው ማለት ይቻላል። ፀሐይ በመስተዋቱ በኩል እየመታው፣ ባትሪውም በዚያው እየተሞላ የሚሠራ ታብሌት ሲግል ራሱን ይዘጋል፤ የሚዘጋውም ብዙ ጊዜ በቀትር፣ መንገደኛው አብዝቶ በሚፈልገው ሰዓት ነው።

እነዚህ ሦስቱ በጥንቃቄ ይታረማሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በየትኛውም ዝግጅት የማይታረመው አራተኛው ነው፤ ይኸውም ካርታው የትናንቱን መሬት ማሳየቱ ነው። በአፋር መሬቱ ራሱ አይረጋም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የስምጥ ሸለቆው ክፍል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ደግሞ ከኤርታ አሌ ጎን የፈለቀው ቅልጥ ዐለት ተዘርግቶ ሰፊ መሬት ሸፍኗል። የጨው ሜዳውም እንዲሁ ነው። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን በየጊዜው ያጥለቀልቀዋል፤ ውሃው ሲደርቅ አዲስ የጨው ቅርፊት ይሠራል፤ ከቅርፊቱ ሥር ግን ጭቃው ሳይደርቅ ሊቆይ ይችላል። ከላይ ሲታይ ሁሉም እኩል ነጭ፣ ሁሉም እኩል ደረቅ ነው።

አንድ የቅየሳ ቡድን በዚህ ሜዳ ላይ መጥቷል እንበል። ታብሌቱ ባለፈው በጋ ሌላ መኪና የሄደበትን ዱካ በቀይ መስመር ያሳያል፤ መስመሩም ሜዳውን በቀጥታ ያቋርጣል። ከፊት የተቀመጠው አፋር መሪ መኪናው እንዲቆም ይጠይቃል። ወርዶ ቅርፊቱን በዱላው ይመታል፤ ድምፁን ያዳምጣል፤ ተመልሶም በዳር በኩል እንዲዞሩ ይናገራል። ሾፌሩ «አባቴ፣ መስመሩ እኮ በዚህ ነው የሚያሳየው» ይላል። ሽማግሌው «ልጄ፣ እሱ ያየው የበጋውን ነው፤ ውሃው ከሄደ ገና ወር አልሞላውም» ብሎ ይመልሳል። ከዚህ በኋላ የሁሉም ዓይን የሚያርፈው በመሐንዲሱ ላይ ነው።

ጉዳዩ ሁሉ ያለው በዚህች ቅጽበት ውስጥ ነው። መሐንዲሱ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው፤ ጊዜና ነዳጅ ይቆጥራል፤ በእጁም በአምስት ሜትር ልዩነት የማይሳሳት መሣሪያ ይዟል። መሪው በቀን አበል የተቀጠረ ነው። ስለዚህ ማዕረግ ወደ አንዱ ወገን፣ ዕውቀት ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል። ታብሌቱ መኪናው የት እንዳለ ያውቃል፤ መሬቱ መኪናውን ይሸከም እንደሆነ ግን አያውቅም። በዱካው ላይ ያለፈው መኪና ምን ያህል ጭኖ እንደነበር፣ በየትኛው ወር እንዳለፈ፣ ወይም ስንት ጊዜ ተቀርቅሮ በአካፋ እንደወጣ ቀዩ መስመር አይናገርም። ግመል ያለፈበት ሁሉም መኪናን አይሸከምም። ትእዛዙ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው አዛዡ ብቻ አይደለም፤ ሾፌሩ፣ የቀን ሠራተኛውና ራሱ መሪውም አብረው ይከፍላሉ።

ከዚህ የተነሣ ለመስክ ሥራ የሚከተለው ሥርዓት ተገቢ መስሎ ይታያል። ታብሌቱ በሚታወቅ የቅየሳ ነጥብ ላይ ተፈትኖ ይውጣ። የወረቀት ካርታና ኮምፓስ አብረው ይሂዱ፤ ኮምፓሱም ከመኪናው ብረት ራቅ ተብሎ ይነበብ። የደረሱበት ቦታ በየሰዓቱ በማስታወሻ ደብተር ይጻፍ፤ መሣሪያው በቀትር ቢዘጋ ደብተሩ አይዘጋምና። ጉዞው በሁለት መኪና ይሁን፤ የሚሄዱበት መንገድና የሚመለሱበት ሰዓት ለኋለኛው ሰፈር ይነገር። በቦታና በአቅጣጫ ጉዳይ ታብሌቱ ይሰማ፤ በመሬቱ መሸከምና አለመሸከም ጉዳይ ግን የመሪው ቃል የመጨረሻ ይሁን፤ ይህም ከመነሣት በፊት በሁሉም ፊት ይነገር።

ከዚህም ሌላ፣ የሽማግሌው ዕውቀት ጉዞው ሲያበቃ አብሮ ሊያበቃ አይገባም። ቡድኑ የሚመዘግበው ዱካ ሁሉ ወሩን፣ ዝናቡ ካቆመ የቆየበትን ጊዜ፣ የመኪናውን ጭነትና መሪው የተናገረውን ይዞ ቢቀመጥ፣ ዛሬ ባዶ የሆነው ቀይ መስመር ለሚቀጥለው ቡድን ትምህርት ይሆናል። የመሪውም ስም ከቀያሾቹ ስም ጋር በሪፖርቱ ላይ ሊሰፍር፣ ክፍያውም የባለሙያ ክፍያ ሊሆን ይገባል።

አበው «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። ሳተላይት ከሰማይ የሚያየውን ያያል፤ የአገሩ ሰው ከእግሩ ሥር ያለውን ያውቃል። መልካም መሐንዲስ ሁለቱን በአንድ መኪና አሳፍሮ፣ እያንዳንዱን በሚያውቀው ነገር የሚያዳምጥ ነው።