ወንበሩ የተሰበረው በማን እጅ ነው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል ለመናገር ሲነሳ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስም ሊነበብ ነው ብላችሁ እንደምትሰጉ እናውቃለን። ዛሬ ስም አናነብም። የምንናገረው ስለ ፕላስቲክ ስንጥቅ ነው፤ የምንጀምረውም እኛው ራሳችን ከሠራነው ጥፋት ነው።

ነገሩን አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንዲት አባላችን ለባለቤታቸው የአርባ ቀን ተዝካር ከመጋዘናችን 60 ወንበር፣ አንድ ድንኳንና ሁለት በርሜል ተከራዩ። ሰው እየበላ ሳለ የአንዱ ወንበር እግር ተሰበረና የተቀመጡበት አዛውንት ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ብዙ ተሠቃዩ። ዕቃው ሲመለስ ሌሎች ሁለት ወንበሮችም ተሰንጥቀው አገኘን። የውስጥ ደንባችን የተበላሸ ዕቃ በተከራዩ ይተካል ስለሚል ለሦስቱ ወንበር 2,400 ብር አስከፈልናቸው። እሳቸው አልተከራከሩም። እንጀራ ጋግረው ከሚሸጡት ላይ እየቀነሱ በአራት ጊዜ ከፍለው ጨረሱ። ደረሰኙን የቆረጥነው እኛ ነን። በወሩ መጨረሻ ሂሳቡ ሲዘጋ አንድ ሳንቲም አልጎደለም፤ ሥራችንን በትክክል የሠራን መስሎን ነበር።

ከወራት በኋላ የአንዲት አባላችን ልጅ እናቱን ሊወስድ ወደ ቢሮአችን መጣ። ሥራው የሠርግ ቪዲዮ መቅረጽ ነው። ድሮኑን ለጠጋኝ ሊያሳይ ይዞት ስለነበር ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠው። አራት ክንድ ያለው፣ ከመካከለኛ ጎድጓዳ ሳህን የማይበልጥ ነጭ ፕላስቲክ ነው። ምን ሆነብህ ብንለው ከአንደኛው ክንድ ጫፍ፣ ሞተሩ ከታሰረበት ብሎን አጠገብ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አሳየን።

«ወድቆብህ ነው?» አልነው።

«አንድም ቀን አልወደቀም» አለ።

እናቱ በጎን አየት አደረገችው። ልጁ ግን እውነቱን ነበር። መስመሩ የጀመረው ከብሎኑ ቀዳዳ ነው። ብሎኑ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ሞተሩ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ እየዞረ ክንዱን ሳያቋርጥ ያንቀጠቅጠዋል፤ ፕላስቲኩ ያንን ሁሉ ችሎ ችሎ አንድ ቀን ከቀዳዳው ጠርዝ መከፈት ይጀምራል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ እንዲመጣ መውደቅ የግድ አይደለም አለን።

ያን ዕለት ቀጨኔ ሸክላ ሲሠሩ ያደጉ እናት አብረውን ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ድሮኑን አገላብጠው አዩና «ይሄ እኮ የወንበሮቻችን በሽታ ነው» አሉ። ቀጨኔ ላደገ ሰው ስንጥቅ አዲስ ነገር አይደለም። ጀበና ስንገዛ ሁላችንም በጣታችን አንኳኩተን ጆሮ እንሰጣለን፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ፕላስቲክ ግን ቢያንኳኩት አይናገርም። በዓይን መፈለግ አለበት።

ስለዚህ መጋዘኑን ከፍተን 140ውንም ወንበር አንድ በአንድ እየገለበጥን አየን። በ31ዱ ላይ እግሩ ከመቀመጫው በሚገናኝበት ጥግ መስመር አገኘን። ከእነዚህ መካከል 9ኙ ለኪራይ አንድ ቀን እንኳ ወጥተው አያውቁም፤ ከተገዙ ጀምሮ መጋዘኑ ስለጠበበ ግቢ ውስጥ ተደራርበው ፀሐይ ላይ የቆዩ ናቸው። ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ተሰንጥቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ 2,400 ብሩ ትዝ አለን።

እስቲ ምክንያቱን እኛ በገባን መጠን እናስረዳ። ፕላስቲክ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ሲገባና ሲቀዘቅዝ ወፍራሙና ቀጭኑ ቦታ እኩል አይቀዘቅዝም። በዚህ ምክንያት ዕቃው ገና ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ የተወጠረ ነገር ይዞ ይወጣል። በዚያ ላይ ክብደት ሲጨመርበት ወይም ብሎን ሲጠብቅበት ውጥረቱ በሁሉም ቦታ እኩል አይከፋፈልም፤ በሹል ጥግና በቀዳዳ ጠርዝ ላይ ይከማቻል። ክብደቱ ወዲያው የማይሰብር ቢሆንም፣ ሳይነሳ ከቆየ ወይም ከተደጋገመ፣ ያቺ ጥግ ቀስ በቀስ ትከፈታለች። ወንበሮችን 15 እና 20 አድርገን ስንደራርብ የታችኞቹን እግር ወደ ውጭ እየገፋን ነው። ለሳምንታት እንዲያ ትተናቸዋል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። እኛ ጉለሌ ያለነው ከባህር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ፕላስቲክን የሚያደርቀው የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ብርድ ስለሚበዛብን ፀሐያችን የማትጎዳ ይመስለናል፤ ፕላስቲክን የሚጎዳው ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ፀሐይ የመታው ወንበር ላዩ እንደ ዱቄት ይነሳል፣ መታጠፍም ያቅተዋል።

ሦስተኛው ብዙዎቻችን ያላሰብነው ነው፤ ማጽጃ። የጀሪካን ፕላስቲክ በሳሙና ውሃ አይሟሟም። ነገር ግን የተወጠረ ቦታ ላይ የሳሙና ውሃ ሲያርፍና ሲቆይ ስንጥቁን ያፋጥነዋል። ፈሳሽ ሳሙና የምታመርቱ አባሎቻችን ጀሪካናችሁ ለምን ከመያዣው ሥር እንደሚያፈስ ስትጠይቁን ነበር፤ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ልጁም ስለ ድሮኑ ተመሳሳይ ነገር ነገረን። የብዙዎቹ ትንንሽ ድሮኖች አካል ፖሊካርቦኔት ወይም ኤቢኤስ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው የሚሠራው፤ እሱን በቤንዚን ወይም በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ መወልወል፣ ብሎን እንዳይላላ የሚቀባውን ማጣበቂያም ማስነካት ስንጥቅ ይጠራል። አንዳንዱ ሰው የሚያበላሸው ሲያጸዳ ነው።

ይህ የድሃ ዕቃ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ የመንገደኛ ጄቶች፣ አንዱ በጥር አንዱ በሚያዝያ፣ ጣሊያን አጠገብ አየር ላይ ተበታትነው 56 ሰው አለቀ። መርማሪዎቹ የአንድ ኮሜት አካል ትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ውሃውን እየሞሉና ግፊቱን እየቀነሱ በረራን አስመሰሉ፤ አካሉ ከመስኮት ጥግ ተቀደደ። ያ ብረት ነው፣ የእኛ ፕላስቲክ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ላይ ስንጥቁ ጥግና ቀዳዳ ይወዳል። በእነዚያ አደጋዎች ማንም የመጨረሻውን አብራሪ ክፈል አላለም።

አሁን ወደሚሠራው ነገር እንምጣ። የፕላስቲክ ዕቃ ሥር ብዙውን ጊዜ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለ። 2 ከሆነ የጀሪካን ዓይነት ነው፤ 5 ከሆነ ብዙዎቹ ወንበሮች የሚሠሩበት ነው። እነዚህን ሱፐር ግሉ አይዛቸውም፤ ለጊዜው የያዘ ይመስልና ይላቀቃል። በሱፐር ግሉ የተጣበቁ 6 ወንበሮች መጋዘናችን ውስጥ አግኝተናል፤ ማን እንዳጣበቃቸው አንጠይቅም። 2ንም ሆነ 5ን የሚይዘው በጋለ ብረት መበየድ ነው፤ ያውም ከራሱ ዓይነት ፕላስቲክ ቁራጭ እየጨመሩ። በየሰፈሩ ጀሪካንና ሳፋ የሚበይዱት ልጆች ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። ከመበየዱ በፊት ግን ስንጥቁ በሚያበቃበት ጫፍ ላይ በቀጭን ፑንታ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳ። ቀዳዳ መጨመር ሞኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን የስንጥቁ ሹል ጫፍ ክብ ሲሆን ውጥረቱ አንድ ነጥብ ላይ መከማቸቱ ይቀንሳል፣ መስመሩም ወዲያው አይቀጥልም። ሥራው ደጅ ይሠራ፤ ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

የተበየደ ጀሪካን ውሃ ይያዝ፣ በረኪናና ሳሙና አይግባበት። የተበየደ ወንበር ሳፋ ይቀመጥበት፣ ሰው አይቀመጥበት። በዚህ ጉዳይ ከአንዳንድ የኮሚቴ አባላት ጋር አልተስማማንም፤ «ለልጆች ይሁን» ያሉ ነበሩ። ልጅ ወንበር ላይ እንደሚዘል ያላየ ሰው ያለ አይመስለንም።

ስለ ድሮኑ ለጠየቃችሁን፣ ልጁ በመጀመሪያ በሱፐር ግሉ ሊያጣብቀው አስቦ ነበር። የእሱ ፕላስቲክ ሱፐር ግሉ ይይዛል። የሽፋኑ ስንጥቅ ቢሆን ይበቃው ነበር። ሞተር የተሸከመ ክንድ ግን አይጣበቅም፤ ይቀየራል። ከላይ ሆኖ ቢሰበር ሥሩ ያለው የሠርግ ሰው ነው። እናቱ ይህን ስትሰማ «ሳይቀየር ከቤት አይወጣም» አለች፤ ልጁ ክንዱን እስኪያስቀይር ሁለት ሠርግ አለፈው። ከዚያ ወዲህ ብሎኑን በካቻቢቴ ሲያስር ጠበቅ ሲል ያቆማል፣ ከእያንዳንዱ በረራ በፊትም ክንዶቹን በባትሪ መብራት ያያል። ገቢ እንደቀረበት አልሸሸገም። ቅር ብሎታልም።

ደጅ የሚቀመጠው የውሃ ታንከራችንም ይታይ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣልን ታንከሩ በቀናት ልዩነት ይሞላል ይጎድላል። ቧንቧው የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ የራሰ ነገር ካያችሁ ንገሩን። ሥሩ ሙሉ በሙሉ ደልዳላ መሬት ላይ መቀመጡንም በዚህ ሳምንት እናያለን፤ አንዱ ጎኑ ድንጋይ ላይ ከሆነ ክብደቱን የሚሸከመው ያ ጎን ብቻ ነው።

በመጨረሻ የገንዘቡ ነገር። እኛ የሂሳብ ሰዎች የእርጅና ቅናሽ የሚባል ነገር ተምረናል። ዕቃ በየዓመቱ ከዋጋው ይቀንሳል፤ ቅናሹም የባለቤቱ ወጪ ነው። ይህን መዝገብ ላይ በየዓመቱ እንጽፋለን። ተከራይ ፊት ሲቆም ግን ረስተን የአዲስ ወንበር ዋጋ ጠየቅን። ለሌሎች አባላት ያከራየነው፣ ፀሐይ ላይ የተውነው፣ የደራረብነው እኛ ሆነን፣ መጨረሻ ላይ በእጃቸው የተሰበረባቸውን ሴት አስከፈልን። ለጋሾቻችንም ይህን ስሙን፤ በየዓመቱ በምንልክላችሁ ሪፖርት «140 ወንበር» ብለን እንጽፋለን። ዘንድሮ የምንጽፈው 109 ነው። የጠፋ የለም፤ ሰው የማይቀመጥባቸውን ስለለየን ነው። የወጣ ገንዘባችሁ ቁጥር ሲያንስ ማየት ደስ እንደማይል እናውቃለን።

2,400 ብሩ በሥራ አመራር ኮሚቴው ውሳኔ ለአባላችን ተመልሷል። የወደቁትን አዛውንት ሄደን ጠይቀናል፤ የሕክምናው ወጪ በማን ይሸፈን የሚለው ግን ገና አልተወሰነም፤ ዛሬ ለጉባኤው የምናቀርበው አንዱ ጉዳይ እሱ ነው። የእኛ ሐሳብ ከዕቃ ኪራይ ገቢ ይሸፈን ነው፤ ምክንያቱም ያ ገቢ የመጣው ከነዚያው ወንበሮች ነው። የሚቃወም ካለ በነፃነት ይናገር።

ሁለተኛው የደንብ ማሻሻያ ነው። ከእንግዲህ ዕቃ ሲወጣ ተከራይዋና የመጋዘን ኃላፊዋ አብረው እየገለበጡ ያያሉ፤ መስመር ያለበት ወንበር በቀይ ማርከር ተሰምሮበት ይቀራል። በነጩ ወንበር ላይ መስመሩ ስለማይታይ ብርሃን ላይ መያዝ ያስፈልጋል፤ በሰማያዊውና በአረንጓዴው ላይ ከመሰንጠቁ በፊት ነጣ ያለ ጥግ ይታያል። ሲመለስ አዲስ ስብራት ከተገኘ፣ ተከራይዋ የምትከፍለው የዕቃውን የእርጅና ቅናሽ የተቀነሰለት ዋጋ ነው። ቁልሉ ከ8 ወንበር አይበልጥም፤ ደጅ የሚያድር ካለ ሸራ ይለብሳል።

ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ከመድረኩ አጠገብ የተቀመጡትን ሦስቱን ወንበሮች ተነስታችሁ እያነሳችሁ እዩአቸው። ሁለቱ የዚያ ቀን ናቸው። ሦስተኛው ከመጋዘን ወጥቶ አያውቅም። የትኛው እንደሆነ አልጻፍንበትም።