ከችግኙ በፊት መሬቱን እናሙቅ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ ከአባላት በተዋጣ ገንዘብ የተገዛውን የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ በግቢያችን መትከላችንን ታስታውሳላችሁ። ችግኙ ወዲያው አልሞተም፤ ቆሞ ቀረ እንጂ። ቅጠሉ ከበታቹ ሐምራዊ ሆኖ፣ አንድ ወር ሙሉ አንድ ጣት እንኳ ሳያድግ ሰነበተ። በዚያን ጊዜ ጥፋቱን ውኃ በሚያጠጡት ሠራተኞች ላይ ጥለን ነበር። ዛሬ የቆምነው ጥፋቱ የእኛ የአትክልት ኮሚቴ መሆኑን ለማመንና እነሱን ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።

የግቢው አትክልተኛ አባባ ከመትከላችን በፊት እጃቸውን በአፈሩ ውስጥ አግብተው፦ «ልጆቼ፣ መሬቱ ገና ብርድ ነው፤ ትንሽ ታገሡ» ብለውን ነበር። እኛ ግን የቀኑን ፀሐይ አይተን አልሰማናቸውም። ነገሩ ኋላ ሲመረመር እውነቱ ከእሳቸው ዘንድ ተገኘ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ መሬቱ ቀን ያገኘውን ሙቀት ሌሊት ያጣዋል። እርጥብ አፈር ደግሞ ቶሎ አይሞቅም፤ ውኃው ሲተንም ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የቲማቲም ሥር ቢያንስ 16፣ የቃሪያም 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሞቀ አፈር ይሻል። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ፎስፎረስ የተባለውን ምግብ እንደሚገባ አይስብም፤ የቅጠሉ ሐምራዊነት ምልክቱ ይኸው ነበር።

ስለዚህ ለዘንድሮ የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ውኃው ጠፈፍ እንዲል መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ እናድርገው። ሁለተኛ፣ ከመትከሉ 2 ሳምንት በፊት አፈሩን አለስልሰንና ደልድለን ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ እናልብሰው፤ ነፋስ እንዳይገባም ዳር ዳሩን በአፈር እንቅበረው። ከሥሩ አረም መብቀሉ አይቀርምና ላስቲኩ ሲነሣ ይታረማል። ጥቁሩ ላስቲክ አረም ይከለክላል፤ ነገር ግን አፈሩን በደንብ ካልነካው እምብዛም አያሞቅም። ሦስተኛ፣ ጭድ የምንጎዘጉዘው መሬቱ ከሞቀ በኋላ ይሁን፤ አስቀድሞ ከተጎዘጎዘ ፀሐዩን ከልክሎ ብርዱን ያቆያል። አራተኛ፣ ቴርሞሜትር 10 ሴንቲሜትር ያህል ወደ አፈሩ አግብተን ጧት ጧት እንለካ። ሦስት ጧት በተከታታይ ከተባለው ዲግሪ ሳይወርድ ሲገኝ ብቻ እንትከል።

ለዚህም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መደብ የሚሠሩ ፈቃደኞች ያስፈልጉናል። ላስቲኩ ብዙ ወጪ የለውም፤ የአምናው መዋጮ ግን እንደ ወጣ ቀርቷል። ቴርሞሜትሩን ይዘን ስንሄድም አስቀድመን አባባን እንጠይቃለን።