ምትክ ቦታ፦ የዱር እንስሳትን ከመኖሪያቸው ስለ ማዛወር

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች ከቀረበ የሕዝብ ንግግር የተገለበጠ



ንግግሬን ከዚህ አዳራሽ ብዙም ከማይርቅ አንድ ግቢ ልጀምር። ወይራ ሰፈር ውስጥ፣ ከእኔ ቤት ሁለት አጥር አልፎ፣ አንዲት ኤሊ ትኖራለች። ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረ፣ መጠኗ መካከለኛ ድስት የሚያህል ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ያመጣት የቤቱ ልጅ ነው። የሲኖትራክ ሾፌር ነበርና በአዋሽ ቆላ አፈር ሲያመላልስ፣ ግሬደር በሚጠርገው መሬት ዳር አገኛት። ትጨፈለቃለች ብሎ ፈራና ጋቢና ውስጥ አስገብቶ ወደ አዲስ አበባ ይዟት መጣ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምለው ሁሉ እንደ ወቀሳ እንዳይቆጠርበት ነው።

እናቱ ያን ጊዜ ጠርተውኝ፣ «መምህር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ይህች ፍጥረት ምን ትብላ?» አሉኝ። ሣርና ቅጠል እንጂ እንጀራ እንዳይሰጧት ነገርኋቸው። ከዚያ ወዲህ ኤሊዋ በሕይወት አለች። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ግን ትደነዝዛለች። የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ነውና የኮልፌ ክረምት ለቆላ ኤሊ የሚሆን አይደለም። እናት ከከሰል ምድጃው አጠገብ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያስቀምጧታል። በጋ ሲሆን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የግንቡን ሥር ይዛ ትሄዳለች፤ ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ ትዞራለች፤ እንደገና ትሄዳለች።

የዱር እንስሳትን ለማልማት፣ ለመጠበቅና ለመጠቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማቆየትን አይፈቅድም። ስለዚህ ከቤተሰቡ ጋር ተማክረን ለሚመለከተው ክፍል አመልክተናል። ነገር ግን ማመልከቻው ላይ አንድ ጥያቄ ባዶ ቀረ፦ ወዴት ትመለስ? ሾፌሩ ቦታውን ያስታውሳል፤ ቦታው ግን አሁን የለም። የዛሬው ንግግሬ ርእስ ይህ ባዶ መስመር ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በወጣትነቴ ለአንድ የቆላ ልማት ፕሮጀክት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ከሚያካሂድ ቡድን ጋር ሠርቻለሁ። የፕሮጀክቱን ስም አልጠራም። የእናንተ ሰፈር ኤሊ ከዚያው ፕሮጀክት የመጣች ናት ብል ታሪኩ ያምር ነበር፤ ግን አይደለችም። በመስኩ ላይ አራት ቀን ቆየን። ያየናቸውን እንስሳት መዘገብን፤ ኤሊዎችም ነበሩባቸው። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰን ሪፖርቱን ስንጽፍ፣ «የሚጠበቀውን ጉዳት ለማቃለል የሚወሰዱ እርምጃዎች» በሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ በገዛ እጄ እንዲህ ብዬ ሞላሁ፦ «በአካባቢው የሚገኙ የዱር እንስሳት ተስማሚ ወደ ሆነ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ።»

ማን ያዛውራቸዋል? በምን ገንዘብ? «ተስማሚ» የተባለው ቦታ የቱ ነው? እዚያስ ማን ይኖራል? አንዱንም አልጻፍሁም፤ የጠየቀኝም ሰው አልነበረም። ዓረፍተ ነገሩ ሠንጠረዡን ሞላ፤ ሥራውም ያ ነበር። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጉዳትን ስለ ማስወገድ፣ ስለ መቀነስና ስለ ማቃለል ይናገራል። እኛ የመጀመሪያውን ሳናስብበት ወደ መጨረሻው ዘለልን።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ «ምትክ ቦታ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ወደዚህ ዳርቻ የመጣ አለ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ የተነሣም ይኖራል። ምትክ ቦታ ስፋቱ በካሬ ሜትር ይለካል። ጎረቤቱ፣ ዕድሩ፣ የጉልት ገበያው፣ ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄድበት መንገድ ግን በካሬ ሜትር አይለካም። ሰውንና እንስሳን ማስተካከሌ አይደለም፤ ሰው ቢያንስ ይናገራል፣ አቤት ይላል። ይሁን እንጂ ለእንስሳም ቦታ ማለት ሣርና ውሃ ብቻ አይደለም። ለዚህ ከአገራችን ታሪክ የማውቀው ትልቁ ምስክር ቆርኬ ነው።

የስዌይን ቆርኬ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። ቀድሞ በሶማሌ ምድርም በብዙ መንጋ ይታይ ነበር። ክፉ ቀን ብለን በምናስታውሰው በ1880ዎቹ ዓ.ም. የከብት ወረርሽኝ ሲገባ እርሱም ከከብቱ ጋር አለቀ። የተረፈውን ደግሞ አደንና እርሻ አሳነሰው። ከሻሸመኔ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የሚገኘው የሰንቀሌ መጠለያ ዋነኛ መኖሪያው ሆኖ ቀረ።

እንስሳው በጥቂት ቦታ ብቻ መወሰኑ፣ በመጠለያው ዙሪያም እርሻና ሰፈራ እየገፋ መምጣቱ ባለሙያዎችን አሳሰባቸው። በ1966 ዓ.ም. ከ200 በላይ ቆርኬዎች ከሰንቀሌ ተይዘው ከፊሎቹ ወደ አዋሽ፣ ከፊሎቹ ወደ ነጭ ሣር ተወሰዱ። ለዘመኑ ታላቅ ሥራ ነበር። ዓላማውም እንደ እኔ ሠንጠረዥ ባዶ ቦታ መሙላት አልነበረም፤ ዝርያውን ማዳን ነበር። ስለዚህ ነው ይህን ምሳሌ የመረጥሁት። በቅን ልቦናና በሙያ ከተሠሩት ውስጥ የሚቆጠር ነውና ውጤቱ ይበልጥ ያስተምራል።

አዋሽ ላይ ዛሬ ቆርኬ የለም። ነጭ ሣር ላይ የተወሰዱት ለተወሰነ ጊዜ ኖሩ፤ ከዚያ ግን ቁጥራቸው እየተመናመነ ሄዶ ጥቂት ግለሰብ እንስሳት ብቻ እስኪቀሩ ደረሰ። ለምን? ሰንቀሌ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ደጋ ቀመስ ሜዳ ነው፤ የአዋሽ ሜዳ ግን ከዚያ በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሞቃት ምድር ነው። ነጭ ሣር ላይ ደግሞ ሜዳውን ቁጥቋጦ እየዋጠው መጣ፤ የከብት ግጦሹም በዛ። ቆርኬ አጭር ሣር ባለበት ገላጣ ሜዳ ላይ ሩቅ እያየ የሚኖር እንስሳ ነው። ወንዱ የራሱ ድንበር አለው፤ ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ቆሞ ድንበሩን ይጠብቃል፤ ሴቶቹም ድንበሩን ያውቃሉ። ይህ ሁሉ በጭነት መኪና ላይ አይጫንም። የተጫነው አካሉ ብቻ ነበር።

በሌላ በኩል የማዜን ቆርኬዎች እንመልከት። በጋሞና በጎፋ ምድር የሚገኘው ማዜ በ1997 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። እዚያ ያሉት ቆርኬዎች በመኪና የመጡ አይደሉም፤ ከቦታቸው ሳይነሡ የቆዩ ናቸው። ሰንቀሌም ብዙ መሬቱን አጥቶ ወደ 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢጠብም፣ በለውጥና በግርግር ዘመን እንስሳቱ ክፉኛ ቢገደሉበትም፣ እስከ ዛሬ ቆርኬ የሚታይበት ምድር ነው። ዝርያው የቆየው ሰዎች በቦታው ላይ በጠበቁት ቦታ ነው።

ኤሊን በተመለከተ እጅግ የተጠናው ታሪክ የሚገኘው በአሜሪካ የሞሃቪ በረሃ ነው። የዚያ በረሃ ኤሊ እ.ኤ.አ. በ1990 በአገሪቱ ሕግ ሥጋት ካለባቸው እንስሳት ተመዝግቧል። ኑሮውን ስታውቁ የማዛወር ሐሳብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባችኋል። አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃ የሚቋጥርባቸውን ጎድጓዳ ቦታዎች ያውቃል፤ አንዳንዴም ራሱ ይቆፍራቸዋል። የጠጣውን ውሃ በፊኛው ውስጥ ለደረቁ ወራት ያከማቻል። ሰው ሲያነሣው ግን ደንግጦ ያን ውሃ ሊያፈስሰው ይችላል። ለድርቅ ያስቀመጠውን ስንቅ በአንድ ደቂቃ አጣ ማለት ነው። እኔ ይህን ባነበብሁበት ቀን ያቺ ሰንጠረዥ ትዝ አለችኝ። «ይዛወራሉ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ጉዳት የሚጀምረው ግን እንስሳውን ከመሬት ስታነሡት ነው።

ፎርት ኧርዊን የተባለው የጦር ማሠልጠኛ ሲስፋፋ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ500 የሚበልጡ ኤሊዎች ተነሥተው ወደ አጎራባች ምድር ተወሰዱ። ዓመቱ የድርቅ ነበር፤ ጥንቸል በማለቁ ኮዮቴ የተባለው ቀበሮ መሰል አውሬ ኤሊዎችን መብላት ጀመረ። ብዙ ኤሊ አለቀ፤ ሥራውም ተቋረጠ። እዚህ ላይ ለሳይንሱ ታማኝ ልሁን፦ በኋላ በተደረገው ጥናት አውሬው የተዛወሩትንም፣ ነባሮቹንም፣ ጨርሶ ያልተነኩትንም በተመሳሳይ መጠን እንደ በላ ታውቋል። ስለዚህ ለሞታቸው ሁሉ ተጠያቂው ማዛወሩ ነው ማለት አይቻልም። የሚቻለው፣ «ተስማሚ» የተባለው ቦታ ተስማሚነቱን ለአንድ ዓመት እንኳ ሊያረጋግጥ አልቻለም ማለት ነው።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የዘር ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከዝውውሩ ከአራት ዓመት በኋላ የተወለዱ ጨቅላ ኤሊዎችን መርምረው አባታቸው ማን እንደሆነ ፈለጉ። ከተዛወሩት ወንዶች የተወለደ አንድም አላገኙም፤ አባቶቹ ነባሮቹ ወንዶች ነበሩ። የተዛወሩት በሕይወት አሉ፤ ይበላሉ፤ በቆጠራም ይገባሉ። ትውልድ ውስጥ ግን የሉም። ይህ ሁኔታ ከዓመታት በኋላ ይለወጥ እንደሆነ መከታተል ያስፈልጋል። ኤሊ ለመውለድ ከአሥር ዓመት በላይ የሚጠብቅ እንስሳ ስለሆነ የእኛ የሁለት ዓመት የክትትል ሪፖርት ስለ እርሱ ምንም አይናገርም። በሕይወት መኖርንና መትረፍን የምንለይበት ቃል በሪፖርቶቻችን ውስጥ የለም።

ማዛወር ፈጽሞ አይገባም እያልሁ አይደለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ እንስሳን ወደ ጠፋበት ምድር መመለስን የመሰለ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን በዝርዝር አስቀምጧል። ነገር ግን መነሻው የጥፋቱ ምክንያት ይታወቅ፣ ይወገድም የሚል ነው። ለግንባታ መሬት ለማስለቀቅ የሚደረግ ዝውውር ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ምክንያቱ እየመጣ ነው፤ እንስሳው ይነሣለታል።

«ታዲያ ልማት ይቁም?» የምትሉ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። መልሴ ከሰሜን ተራሮች ነው። ዋሊያ የሚኖርበት ያ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ለውሳኔው ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፈውን ዋና መንገድ የሚተካ ሌላ መንገድ መሠራቱ ነው። ዋሊያን ከገደሉ ላይ አንሥተን ወዴት እንወስደዋለን? ወዴትም። ስለዚህ የሚነሣው መንገዱ ሆነ። ከዚሁ ጋር የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ መነሣታቸውን ዘልዬ ብሄድ ግማሽ እውነት እነግራችኋለሁ። እንስሳው ከቦታው ባለመነሣቱ ሌላ ሰው ከፍሏል። ያ ዋጋ በትክክል ተከፍሏል ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል፤ መንገድ ግን ከፓርክ መሀል ሊወጣ እንደሚችል ታይቷል።

ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ እኔ በተቀመጥሁበት ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። ሠንጠረዡ ይቀርብላችኋል፤ የማስረከቢያው ቀንም ያልፍባችኋል። «ይዛወራሉ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ወደተባለው ቦታ ሂዱና አንድ ዓመት ሙሉ፣ በክረምትም በበጋም፣ እዩት። ጊዜውና ገንዘቡ ካልተፈቀደላችሁ፣ አልተፈቀደልንም ብላችሁ ጻፉ። «ተስማሚ ቦታ አልተገኘም» የሚል ዓረፍተ ነገር በሪፖርት ውስጥ ነውር አይደለም። ካርታውን አንዲት ሁለት ኪሎ ሜትር የሚያስጠጋው አንዳንዴ እርሱ ነው። እኔ አልጻፍሁትም።

የወይራ ሰፈሯን ኤሊ ለመጨረስ፦ ወደ አዋሽ እንመልሳት ብንል፣ ሰባት ዓመት ከሰው፣ ከውሻና ከዶሮ ጋር ኖራለችና ይዛ የምትሄደውን በሽታ አናውቅም፤ እዚያ ያሉትን ልታስይዝ ትችላለች። ሐኪም እንዲያያት ቀጠሮ ይዘናል። ዛሬ ወደዚህ ስመጣ በግቢው በር አለፍሁ። ግንቡን ይዛ ወደ ምሥራቁ ማዕዘን ትሄድ ነበር። ወደ አዋሽ አቅጣጫ ነው ብዬ ልነግራችሁ አልደፍርም፤ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፈውም በዚያው በኩል ነው። እናትም በር ላይ ቆመው፣ «መምህር፣ ስለ እሷ ልትናገር ነው አሉ፤ መልሱን ሲነግሩህ ለእኔም ንገረኝ» አሉኝ።