በኤቨን ወንዝ ዳር



ሐኪም ለሽርሽር ወጥቶም ከሥራው አያመልጥም መሰለኝ። እንግሊዝ አገር፣ ስትራትፎርድ ከተማ፣ ከሼክስፒር የትውልድ ቤት ወደ ኤቨን ወንዝ ዝግ ብዬ ስወርድ፣ ከአንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ፊት ቆምኩ። የሐኪሙ የጆን ሆል ቤት ነበር ይባላል።

ሆል እ.ኤ.አ. በ1607 የሼክስፒርን የመጀመሪያ ልጅ ሱዛናን አገባ። ማንን እንዳከመ፣ ምን እንዳዘዘ በላቲን ይጽፍ ነበር፤ የሚስቱም የራሱም ሕመም አልቀረም። ቫይታሚን ሲ የሚባል ነገር ሳይታወቅ፣ ለስከርቪ ውሃ ዳር የሚበቅሉ ቅጠሎችን ያዝዝ ነበር። በ1635 አረፈ፤ ማስታወሻው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ1657 ታተመ። የተቀበረው ወንዙ ዳር ባለችው ቤተ ክርስቲያን፣ አማቱ ባረፈባት ነው።

እስቲ እናስበው፤ እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ገጠር ወጥቶ፣ ያለ ራጅ ያለ ላብራቶሪ፣ በእጁና በጆሮው ብቻ ያላከመ ማን አለ? ያንን ሁሉ ግን ቡና ላይ እያወራን እንበትነዋለን። መምህራኖቻችን ጡረታ ሲወጡም ያዩት አብሯቸው ይወጣል።

እባካችሁ እንጻፈው። የበሽተኛውን ስም እንሰውር፤ ያየነውን፣ ያዘዝነውን፣ ውጤቱንም ግን ለተማሪዎቻችን እናስቀምጥ።